የልጅ ልጆቻቸውን ያልለኩት ልብስ ሰፊ

በዚህ የግንቦት ፀሐይ፣ ጥላ ሳትመርጡ በደብሩ ግቢ የቆማችሁ ወገኖች ሁሉ፣ የምንሸኛቸውን እናት ሕይወት ከልደታቸው እስከ ዕረፍታቸው ባጭሩ እንድንተርክ ቤተሰቡ ጠይቋል። ባጭሩ የተባለው ስለ ሙቀቱ ነው እንጂ፣ የእርሳቸው ነገር አጭር ሆኖ አያውቅም።

ወይዘሮ ዙፋን ዋለ ከአባታቸው ከአቶ ዋለ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰበች ገላው በ1944 ዓ.ም. በወገራ፣ ከደባት ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አገሩ ደጋ ነው፤ በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ሣሩን አመድ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል፣ ሰውም ፀሐይ እስኪወጣ ድረስ ከጋቢው ውስጥ ሆኖ ነው ሰላምታ የሚለዋወጠው። ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ብዙም ባልተለመደበት በዚያ ዘመን አባታቸው ደባት አስገብተዋቸው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ መካከለኛ፣ በንባብ ደኅና፣ በእጅ ሥራ ግን የክፍሉ አንደኛ ነበሩ። ሹራብ አሠራርን ያስተማሯቸው የእጅ ሥራ መምህርታቸው ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ ለእኒህ መምህርት ያለው ስሜት እስከ ዛሬ ድረስ የተደባለቀ ነው።

በ1961 ዓ.ም. ከአቶ አባይ ውባንተ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። የመጀመሪያ ልጃቸው ወንድ ነበር፤ በስምንት ወሩ፣ በዚያው በታኅሣሥ፣ ብርድ ወሰደባቸው። ከእርሱ በኋላ ፅዮንንና አትክልትን ወልደው አሳደጉ። ስለ መጀመሪያው ልጅ በቤቱ ውስጥ ብዙ አልተወራም፤ ፅዮንም የሞተ ታላቅ ወንድም እንደነበራት የሰማችው እንጨት ስትለቅም ከጎረቤት ሴት አፍ ነው።

በ1985 ዓ.ም. አቶ አባይ በቆላው የሰሊጥ እርሻ የትራክተር ሹፌርነት ሥራ አግኝተው ሲወርዱ፣ ወይዘሮ ዙፋን ልጆቻቸውን፣ የእግር ስፌት መኪናቸውንና አንድ ጆንያ የሱፍ ክር ይዘው ተከተሏቸው። የጭነት መኪናው ቁልቁለቱን ጨርሶ ሸሕዲ ሲገባ ሹፌሩ ጆንያውን ዳበስ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሲነገረው ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ «እትዬ፣ እዚህ አገር ጠፍቶ የሚፈለገው በረዶ ነው። ወደ ላይ ስመለስ ጆንያውን ይዤልዎ ልሂድ?» አላቸው። እርሳቸውም «ብርድ አገር አይመርጥም» አሉና፣ ጆንያው እንዳይወሰድባቸው እስከ መተማ ዮሐንስ ድረስ በላዩ ተቀምጠውበት ሄዱ።

በመተማ ዮሐንስ፣ የመኪናው መንገድ ወደ ሱዳን ድንበር ድልድይ ከሚታጠፍበት አለፍ ብሎ በተከራዩት ቤት በረንዳ ላይ ስፌት መኪናቸውን ዘረጉ። ለተማሪዎች የደንብ ልብስ፣ ለቀን ሠራተኞች ቁምጣ፣ ለነጋዴዎች ጀለብያ ሰፍተዋል፤ የሰፉትም ለእያንዳንዱ በልኩ ነው። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ደንበኛውን ቀጥ ብሎ እንዲቆም ገሥጸው፣ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን አንድ በአንድ ለክተው ካልጨረሱ መቀስ አያነሡም ነበር። ከወዲያ ማዶ ከገላባት ሳይቀር ድልድዩን ተሻግረው ጀለብያ የሚያሰፉ ነበሩ። የእርሳቸውን ስፌት ለብሶ እጅጌው የረዘመበት ወይም አንገትጌው ያነቀው ሰው በከተማው አልተገኘም።

ከአንድ ወገን በቀር። በመተማ ዮሐንስ ጎዳና ላይ እጅጌው እስከ ጉልበቱ የወረደ ወይም እንብርቱ ላይ የቀረ ሹራብ የለበሰ ሕፃን ከታየ፣ የወይዘሮ ዙፋን የልጅ ልጅ ለመሆኑ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

የልጅ ልጆቻቸውን አይለኩም ነበርና። የመጀመሪያው፣ ናሁሰናይ፣ በ1990 ዓ.ም. በኮኪት ሲወለድ፣ በዚያ ከተማ መምህርት የነበረችው ፅዮን ሕፃኑን ታቅፋ መጥታ፣ መቼም ልብስ ሰፊ እናት ያላት ልጅ ዕድለኛ ናት ብላ እናቷ ፊት አስተኛችው። ወይዘሮ ዙፋን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሕፃኑንም ከራስ እስከ እግር አይተው «በቃ፣ ውሰጂው» አሏት። ከወር በኋላ የመጣው ሹራብ ባለ ወፍራም ሱፍ፣ ባለ ኮፍያ፣ ለሦስት ዓመት ልጅ የሚበቃ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላው የመጣው ደግሞ ለአራስ የሚሆን ነበር። ፅዮን ለምን እንደማይለኩት በጠየቀች ቁጥር «የእኔን ልጅ ዓይኔ ያውቀዋል» ይሏት ነበር። ዓይናቸው ግን አያውቀውም ነበር።

ልብሱ አለመለካቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ሱፍ መሆኑ ሌላ ነገር ነበር። በመጋቢትና በሚያዝያ በዚህ አገር ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ ዶሮ እንኳ ክንፏን ከፈት አድርጋ ነው የምትሄደው። ወይዘሮ ዙፋን ግን ክሩን ከጎንደር በአውቶቡስ እያስመጡ፣ በየዓመቱ ለየልጁ አንዳንድ ሹራብ ያደርሱ ነበር። ጎን ለጎናቸው ሱቅ የነበራቸው፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብና ብትን ጨርቅ የሚሸጡት ወይዘሮ ረቢዓ፣ ለዕድሜ ልክ ወዳጃቸው የሚያዝኑትን ያህል ይቀልዱባቸው ነበር። «ዙፋን፣ ይሄ ልጅ በግ ነው እንዴ?» ይሉ ነበር ናሁሰናይን እያዩ። «በግም እኮ በጊዜው ይሸለታል።»

ፅዮን መላ አበጀች። ከኮኪት ሚኒባስ ስትሳፈር ሹራቦቹን በፌስታል ትይዛለች፤ መኪናው ወደ ከተማው መግቢያ ሲቃረብ አውጥታ ለልጆቿ ታለብሳለች፤ ሲመለሱም እዚያው ቦታ ላይ ታወልቃለች። ነገሩ ከመለመዱ የተነሣ የመስመሩ ረዳቶች ሁሉ ያውቁት ነበር። «ወራጅ አለ?» ከሚለው ቀጥሎ «የእማማ ዙፋን ልጆች፣ ሹራብ ልበሱ፣ ደርሰናል!» ይሉ ነበር፤ ተሳፋሪውም እየሳቀ ጠበብ ብሎ ቦታ ይለቅላቸው ነበር። ፅዮን አልሳቀችም። የሰው ልጅ ቀሚስ በሚሊ ሜትር ሲለካ፣ የእርሷ ልጆች ደግሞ ማሽላ ጠባቂ ማስፈራሪያ መስለው በገበያ መካከል ማለፋቸው ያንገበግባት ነበር። ከሁሉ በላይ ያበሸቃት እናቷ አንድም ቀን «ልጆቹ ምን ያስፈልጋቸዋል?» ብለው አለመጠየቃቸው ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ የወንድ ልጃቸው የአትክልት ሠርግ በሸሕዲ ሆነ። ለዚያ ቀን ወይዘሮ ዙፋን ለልጅ ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ባለ አንገትጌ ነጭ የሱፍ ሹራብ ሠርተው ነበር። በቆርቆሮና በሸራ ዳስ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው ሲደምቅ፣ የሰባት ዓመቱ ናሁሰናይ ከሙሽራው ኋላ እንደ ቆመ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ጤና ጣቢያ ወስደውት ውኃ ተሰጥቶት፣ ሙቀት ብቻ መሆኑ ተነግሮ ልጁ ወዲያው ቢነሣም፣ ፅዮን ግን ሹራቡን ጨምድዳ ወደ ዳሱ ተመለሰች። እንግዳ ሁሉ እየሰማ፣ «እማዬ፣ አንዱን ብርድ ገደለው ብለሽ ሌላውን ቀቅለሽ ልትገድይው ነው?» አለች። «አንድ ቀን ጠይቀሽ፣ አንድ ቀን ለክተሽ ብትሠሪ ምን ነበረበት?»

ወይዘሮ ዙፋን ሹራቡን ተቀብለው፣ አጣጥፈው፣ ከሥራቸው አደረጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ በአንድ ሚኒባስ መንገድ ርቀት ላይ እየኖሩ ሳይነጋገሩ ከረሙ፤ ሹራቡ ግን አልቆመም፤ በረዳት እጅ እየተላከ ኮኪት ይደርስ፣ ከሣጥን ይገባ ነበር።

በኋላ ሽማግሌ ገባ። ከሁለቱም ወገን የሚከበሩ ሰዎች ከበረንዳው ተሰብስበው ግራ ቀኙን ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ ፈረዱ፦ ፅዮን በሰው ፊት የተናገረችውን በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቅ፤ ሱፉ ይቅርና ሹራቡ በጥጥ ክር ይሠራ፤ ልጆቹም የተሠራላቸውን ያለ ማጉረምረም ይልበሱ። ሁለቱም ወገን ተቀበለ። የመለካቱ ነገር ሲነሣ ግን ወይዘሮ ዙፋን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «እሱ ለሽምግልና የሚቀርብ አይደለም» ብለው ጓዳ ገቡ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከአራቱ ነገር ሦስቱን ማግኘት ብዙ ነው ብለውም መርቀው ተነሡ። የጥጡን ክር ከሱዳን ነጋዴዎች እየገዙ የማቅረቡን ኃላፊነት ወይዘሮ ረቢዓ ወሰዱ።

ወይዘሮ ዙፋን ለፍርድ ያላቸው አክብሮት የታየው በ2008 ዓ.ም. ነው። ናሁሰናይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ደብረ ብርሃን ተመደበ። በገባ በሳምንቱ ለእናቱ ደውሎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የአያቱን የሱፍ ሹራብ ለመነ። ፅዮን በደስታም በእፍረትም እየተጣደፈች ወደ መተማ ወረደች። እናቷ ሰምተው ሲያበቁ «አይሆንም» አሏት። «ሽማግሌ በጥጥ ይሁን ብሎ ፈርዷል። የሽማግሌ ቃል አላፈርስም።» ፅዮን ነገሩ ብርድ አገር መሆኑን፣ ፍርዱ ለቆላ መሆኑን አስረዳች፤ ለመነች፤ ተቆጣች። አልሆነም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዐርፈው ስለነበር፣ የቀሩት እንደገና ተሰብስበው፣ «ፍርዱ ከሸሕዲ ዳገት በላይ አይጸናም» ብለው እስኪያሻሽሉት ድረስ ልጁ በጥጥ ሹራብ ከረመ። የሱፉ ሲደርሰውም በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎችን የሚያለብስ ስፋት ነበረው፤ ሁለት ሆነው ለብሰውታልም ይባላል።

ከዚያ በኋላ የቆየው የስኳር ሕመማቸው ዓይናቸውን እየጋረደው ሄደ። ጎንደር ወስደን አሳክመናል፤ ሐኪሞቹም የሚቻላቸውን አድርገዋል። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር ማየት ተሳናቸው። ሹራብ በእጅ ዳበሳ ሊሠራ ይችላል፤ ጣቶቻቸው ሥራውን ከዓይናቸው ይልቅ ያውቁት ነበር። የማይቻለው በዓይን መገመት ነበር። የፅዮን የመጨረሻ ልጅ ወንጌል አምስት ዓመቷ ነበርና የእርሷ ተራ ደርሶ፣ ክሩ ተገዝቶ፣ መርፌው ከጭናቸው ላይ እንዳለ ቁጭ ብለው ይውሉ ጀመር። ከዚያም መርፌውን ለሰው ሰጡት። ቀጥሎ ምግብ ቀነሱ። ለሃያ ዓመት ያህል ይህ ሹራብ በቀረ ስትል የኖረችው ፅዮን፣ ሹራቡ ሲቀር እናቷም አብረው ሊቀሩ መሆኑን አየች።

በጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ወንጌልን ይዛ መጥታ ሜትሩን እናቷ እጅ ላይ አኖረችው።

«እማዬ፣ ዓይንሽ ካላየ ይሄ ይይልሽ። ልጅቷ ይችውና። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ብቻ።»

«አይሆንም።»

«ለምንድን ነው የማይሆነው?»

«አይሆንም አልኩሽ እኮ፣ ፅዮን።»

ፅዮን ሜትሩን ወርውራ ወደ ግቢ ወጣች። አቶ አባይ ተከትለዋት ወጡና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ወደ አጥሩ እያዩ ነገሯት። «ለወንድምሽ ሹራብ ልትሠራለት ብላ በክር ለካችው፤ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ቁመቱን። አንድ እጅጌ ሲቀረው ልጁ ሞተ። ጉድጓድ የሚቆፍሩት ሰዎች ቁመቱን ሲጠይቁኝ፣ እኔ ሞኙ፣ ያንኑ ክር አንሥቼ ሰጠኋቸው። እሷ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር።»

ፅዮን ወደ እሳቸው ዞረች። «አባባ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ። አንቺ የምትጠይቂው እሷን ነበር።»

አቶ አባይ አንዴ ከጀመሩ አይቀር ብለው ሌላም ጨመሩ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፎ ጆንያው ከሚዛን ሲወጣ፣ ልጆቹ እርሻው ድረስ ለጨዋታ ይመጡ ነበር፤ አያታቸውም ሚዛኑ ባዶ ሲሆን አንድ በአንድ ያወጧቸውና ኪሏቸውን ጮክ ብለው ይጠሩላቸው ነበር። ሠራተኛው ያጨበጭባል፣ ልጆቹ ይስቃሉ። ይህን ለሚስታቸው አንድም ቀን አልተነፈሱም። ፅዮን የትኛውን ቀድማ እንደምትቆጣ ግራ ገባት፤ በመጨረሻ አባቷን በእጃቸው ይዛ ወደ በረንዳው ወሰደቻቸውና «ይንገሯት» አለቻቸው።

ነገሯቸው። «አንቺ ሴት፣ እኔ ልጆቹን በየኅዳሩ ከሰሊጥ ሚዛን ላይ አውጥቼ ስመዝን ኖሬያለሁ። ናሁሰናይን ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ። አንዳቸውም ምንም አልሆኑ። በየዓመቱ ጨምረው ነው የሚመጡት።»

ወይዘሮ ዙፋን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለሁሉም ሰው እየመለሱ ለአቶ አባይ ብቻ መልስ መስጠት አቆሙ፤ ወይዘሮ ረቢዓም ከሱቃቸው ብቅ እያሉ «አቶ አባይ፣ ዛሬስ ተፈረደልዎ?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። እንዲህ እንዳለ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምሳ ሲበላ፣ ወይዘሮ ዙፋን ድንገት ወደ ባላቸው ድምፅ ዞሩ።

«ወንጌል ስንት መዘነች?»

«አሥራ ስድስት ኪሎ» አሉ አቶ አባይ፣ ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ። «ከነጫማዋ።»

«ቀጫጫ ናት» አሉ ወይዘሮ ዙፋን። ከዚያም «እስቲ አምጧት» አሉ።

ሜትሩን አልፈለጉም። ልጅቷን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ከትከሻዋ ወደ ወገቧ በስንዝራቸው ወረዱ፤ ስንዝሩ መካከል ላይ ሲደርስ እጃቸው ቆመ፤ ቆይቶም ቀጠለ። የክንዷ ተራ ሲደርስ ወንጌል ኮርኩሯት ተፍለቀለቀች፣ ተወራጨች፣ «እማማ፣ እንደገና!» አለች። እርሳቸውም እንደገና ለኩ።

ክሩን ወይዘሮ ረቢዓ አመጡ፤ ዓይን የሚያይ ሰው ፈጽሞ የማይመርጠው ብርቱካንማ ነበር፤ ሲጠየቁም «እሷ አታየው፣ ልጅቷ ወዳዋለች፣ የናንተን ማን ጠየቀ?» አሉ። ሥራው በዐቢይ ጾም ተጀምሮ ለፋሲካ ደረሰ። ልጅቷ ስትለካ ስለተወራጨች ግራ እጅጌው ከቀኙ ጥቂት ይረዝማል። ትከሻው፣ ደረቱና ቁመቱ ግን ልክ ነበር። ፅዮን ልጇን አልብሳ አዙራ አየቻት፤ ልጇን እንደያዘች ከእናቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ዙፋን እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ዳሰሱና «እጅጌው ይቆረጣል» አሉ። ወንጌል ግን አላስነካችም።

ከፋሲካ በኋላ ስኳሩ ኩላሊታቸውን ነካ። በዚህ ጊዜ ግን ምግብ አልቀነሱም፤ ጨዋታም አልቀነሱም፤ ለአትክልት ታናሽ ልጅ የሚሆን ክር እንዲገዛ አዝዘው፣ ልጁ ለልክ ከሸሕዲ እንዲመጣ ቀጠሮ ይዘውለት ነበር። ቀጠሮው ሳይደርስ፣ በትናንትናው ዕለት ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ፅዮን አጠገባቸው እንዳሉ፣ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወይዘሮ ዙፋን ዋለ ባለቤታቸውን አቶ አባይ ውባንተን፣ ልጆቻቸውን ፅዮንንና አትክልትን፣ ናሁሰናይንና ወንጌልን ጨምሮ አምስት የልጅ ልጆችን፣ የጎረቤትነትን ስም በእህትነት የለወጡትን ወይዘሮ ረቢዓን፣ በልካቸው ለብሰው በየመንገዱ የሚሄዱ ብዙ ደንበኞችንም ትተው ሄደዋል።

ለለቀስተኛው አንድ ልመና አለ። ከእናቷ አጠገብ የቆመችው ሕፃን የለበሰችው ሹራብ በዚህ ፀሐይ እንደማይለበስ ቤተሰቡ ያውቃል። ዛሬ ጠዋት እናቷ፣ ወንድሟና አጎቷ በየተራ ሊያስወልቋት ሞክረው አልተሳካላቸውም። ይሞቅሻል እያላችሁ የምታባብሏት እናቶች እባካችሁ ተዉአት፤ ውኃ ይዘንላታል።

ከማኅፀን ጀምሮ የእያንዳንዳችንን ቁመትና ዘመን የሚያውቅ አምላክ፣ በስምንት ወሩ ከቀደማቸው ልጃቸው ጋር ያገናኛቸው፤ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች እቅፍ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።